ተሳቢ ቤት ይዞ ወደ ተራራ መውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ትልቅ ተሳቢ ቤት፣ እዚህ አሜሪካ ትራቭል ትሬለር የሚባለውን፣ ወደ ተራራ ስለ መውሰድ የሚጠይቁ ስለሆኑ በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። መልሱን የምጽፈው በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ለ14 ዓመታት ከባድ መኪና የነዳሁ፣ ካቆምኩ ወዲህም ከቤተሰቤ ጋር የራሴን ተሳቢ ቤት እየጎተትኩ ተራራ ሥር የማድር ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለቤቴና ወንድሙ ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ ትልቅ ተሳቢ ቤት ገዝተዋል። ስሙ ላይ 30 የሚል ቁጥር ስላለ ርዝመቱ 30 ጫማ ነው ተብለናል። የምንጎትትበት ፒክአፕ እስከ 11,000 ፓውንድ መሳብ እንደሚችል በመመሪያው ላይ ተጽፏል። በሐምሌ ወደ ኤስተስ ፓርክ ወጥተን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ኃይለኛ የቃጠሎ ሽታ ሸተተን፤ ባለቤቴም የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች ሰመጠብኝ ብሎ በጣም ደነገጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ገባን። አሁን ደግሞ የ72 ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታልኛለች። እንቁጣጣሽን ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ላይ ተራራው ሥር ለማክበር፣ ዶሮውን ሠርተን፣ ቡናውንም እንደ አገራችን በከሰል ለማፍላት አስበናል። ባለቤቴ «ፍሬኑን አስቀይሬዋለሁ፣ ችግር የለም» ይለኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልተረጋጋም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ልብዎ አለመረጋጋቱ ትክክል ነው። ባለቤትዎ ፍሬኑን ማስቀየራቸው ደግ አደረጉ፤ ነገር ግን አዲስ የፍሬን ሸራ የተበላውን ይተካል እንጂ የፊተኛው ሸራ የተቃጠለበትን ምክንያት አያነሣም። ኤስተስ ፓርክ ከባሕር ጠለል በላይ 7,522 ጫማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርሷ ተነሥተው በ36 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ላየንስ ሲወርዱ 20 ማይል ገደማ በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከ2,000 ጫማ በላይ ዝቅ ይላሉ። ፒክአፑና ተሳቢው ተደምረው 15,000 ፓውንድ ቢመዝኑ፣ ሹፌሩ በእግሩ ብቻ ይዞ ሲወርድ ያ ሁሉ ክብደት የሚፈጥረው ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ሲበዛ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ መያዣ አጥቶ ይሰምጣል። ባለቤትዎን ያስደነገጣቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ የተሳቢው የራሱ ፍሬን አይሠራም የሚል ነው። ይህን የሚያህል ተሳቢ በየጎማው የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ሲሆን ትእዛዙን የሚቀበለው ፒክአፑ ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ በባለ ሰባት መስመር መሰኪያ በኩል ነው። መሰኪያው ከዛገ፣ ገመዱ ከተበጠሰ ወይም መቆጣጠሪያው እጅግ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ ሹፌሩ ሳያውቀው የሁለቱን ሸክም የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን ይሸከመዋል። መፈተኑ ከባድ አይደለም። ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ማይል ያህል እየነዱ፣ እግርን ከፍሬን አርቆ፣ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በእጅ ጫን ማድረግ ነው። ተሳቢው ከኋላ ጠበቅ አድርጎ ሲይዛችሁ ሊሰማችሁ ይገባል። ምንም ካልተሰማችሁ ተሳቢው ፍሬን የለውም ማለት ነው፤ ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተም ኃይሉ በዝቷልና ይቀነስ። ይህ ሳይረጋገጥ ያ ተሳቢ ከግቢያችሁ ባይወጣ እወዳለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ አወራረዱ ነው። አገር ቤት የዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ በተሳቢ የወረደ ሹፌር ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፦ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ መኪናውን የሚይዘውም ሞተሩ ነው። በአውቶማቲክ ፒክአፕ ላይ ለመጎተቻ ጊዜ የተሠራው ቶው ሆል (Tow/Haul) የሚባለው ቁልፍ ተጭኖ፣ ካስፈለገም ማርሹ በእጅ ተቀንሶ ይወረዳል። ለቁልቁለቱ የሚበቃው ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል ነው ካላችሁ፣ መኪናው 45 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ እስከ 35 ማውረድ፣ ከዚያም እግርን ፈጽሞ ማንሣት፤ ፍሬኑ የሚበርደው እግር በተነሣበት በዚያ ጊዜ ነው። እግርን ፍሬን ላይ እንዳሳረፉ ሃያ ማይል መውረድ ግን ምን ዓይነት ሸራ ቢሆን የሚችለው አይደለም። ሽታ ከመጣ ሰፊ ዳር ፈልጎ መቆም፣ ጎማዎቹን በታኮ መደገፍና ግማሽ ሰዓት ያህል ማስበረድ እንጂ ውኃ ማፍሰስ አይገባም።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። መመሪያው ላይ ያለው 11,000 ፓውንድ ፒክአፑ ምን ያህል መጎተት እንደሚችል እንጂ በጀርባው ምን ያህል መሸከም እንደሚችል አይናገርም። የሹፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ የሰዎችና የዕቃ ድምር ክብደት ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል ምልክት ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ወሳኙ ቁጥር እርሱ ነው። ለምሳሌ 1,600 ፓውንድ ይላል እንበል። ውኃው፣ ዕቃውና ምግቡ ተጭኖበት ተሳቢው 9,000 ፓውንድ ቢመዝን፣ በአግባቡ የተጫነ ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በፒክአፑ መንጠቆ ላይ ያሳርፋል፤ ይህም ከ900 እስከ 1,350 ፓውንድ ነው። በዚህ ላይ አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲሳፈር 1,600ው አልፎ ይሄዳል። ክብደትን የሚያከፋፍለው መንጠቆ ከሸክሙ ጥቂቱን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው ቢመልስም ያንን ምልክት አይሽረውም። «ከመንጠቆው ላይ እንዲቀልል ዕቃውን ወደ ተሳቢው ኋላ እንግፋው» የሚለው ምክር ደግሞ አደገኛ ነው፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ በንፋስና በቁልቁለት ጊዜ እንደ እባብ ይወላወላልና።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ለጉዞ እንደምትነሡ ሁሉን ጭናችሁ ትራክ ስቶፕ በሚባለው የከባድ መኪኖች ማረፊያ ወዳለ የካት (CAT) ሚዛን ሂዱ፤ ከ20 ዶላር በማይበልጥ ክፍያ የፊት ጎማዎቹን፣ የኋላዎቹንና የተሳቢውን ክብደት ለየብቻ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጣችኋል። ሁለተኛ፣ ሁለት ቤተሰብ ናችሁና አብዛኛው ሰው በሌላ መኪና ይከተል። ፒክአፑ ውስጥ ሹፌሩና አንድ ረዳት ይበቃሉ። የውኃውን ጋን ሞልታችሁ አትውጡ፤ አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሆነ 50 ጋሎን ብቻውን ከ400 ፓውንድ በላይ ነው፤ ውኃ እዚያው ይገኛል።

ያገለገለ ስለገዛችሁ ስለ ጎማው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ተሳቢዬን ስገዛ ሻጩ ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ መታ መታ እያደረገ «እነዚህ ገና ሀገር ያቋርጣሉ» አለኝ፤ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ መልካቸውም ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለነበር አመንኩት። ከስተርሊንግ ወደ ዴንቨር በ76 ቁጥር መንገድ ስመለስ በቀኝ በኩል ያለው ፈነዳና የተሳቢውን ጎን እንደ ቆርቆሮ ገሸለጠው። ጎማውን አውርጄ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ዶት (DOT) ከሚሉት ፊደላት መጨረሻ አራት አኃዝ ወጣ፦ 2309። በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ እኔ የገዛሁት በ2018 ነበር። የተሳቢ ጎማ አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ፀሐይ እየመታው ስለሚያሳልፍ ጥርሱ ሳያልቅ ውስጡ ይደርቃል፤ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ መልኩ ምንም ቢያምር መቀየር አለበት። ዛሬ ማታ የእጅ መብራት ይዛችሁ ውጡና የአራቱንም ቁጥር አንብቡ፤ ቁጥሩ በውስጠኛው ጎን ሊሆን ስለሚችል ከሥር ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማደሪያው ቦታ ልምጣ። ስሙ ላይ ያለው 30 አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ቤቱ እንጂ ከፊት ስለሚወጣው የመጎተቻ ብረት አይደለም፤ ከመንጠቆው ጫፍ እስከ ኋላው መከላከያ በመለኪያ ስትለኩት 33 ወይም 34 ጫማ ቢሆን አይግረማችሁ። ይህ ልዩነት ከኤስተስ ፓርክ ከተማ አጠገብ ባለው በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዋጋ አለው፤ አስፐንግለን የሚባለው ማደሪያ የሚቀበለው እስከ 30 ጫማ፣ ግሌሸር ቤዝን ደግሞ እስከ 35 ጫማ ነው፤ ሁለቱም የኤሌክትሪክና የውኃ መሰኪያ የላቸውም፤ የፓርኩ ማደሪያዎችም አንዳንዶቹ በሴፕቴምበር ውስጥ ይዘጋሉ። እናትዎ አብረው ስላሉና በዚያ ከፍታ የሴፕቴምበር ሌሊት ውርጭ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ለዚህ ጉዞ ኤስተስ ፓርክ ከተማ ውስጥ ወይም ዳርቻዋ ላይ መብራት፣ ውኃና ፍሳሽ የተሟላለት ማደሪያ ብትይዙ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን እዚያው ኦሮራ፣ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። ሦስቱም መሰኪያዎች አሉት፤ የጎደለ ነገር ቢገኝ ቤታችሁ ቅርብ ነው፤ ባለቤትዎም ወደ ኋላ መግባትን ተራራ ላይ ሳይሆን እዚያ ይለማመዱ።

እናትዎን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። ኤስተስ ፓርክ በሜትር ሲሰላ 2,293 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ስለዚህ እናትዎ የሚሄዱት ወደለመዱት ከፍታ ነው። ውኃውም እንደ አዲስ አበባው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጀበናው እንደ አገሩ ይገነፍላል። ከፓርኩ ውስጥ በትሬይል ሪጅ መንገድ ወደ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ግን መንገዱ 3,713 ሜትር ስለሚደርስ በዝግታ ውጡ፣ ብዙ አትቆዩ፤ ልብ ወይም ደም ግፊት ካለባቸው አስቀድሞ ሐኪማቸውን አማክሩ። ተሳቢውንም ማደሪያው ላይ ትታችሁት ሂዱ። ወቅቱ ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር የሚጋባበት ነው፤ ወንዱ ሲጮህ ድምፁ ያስደንቃል፣ ልጆችም ሊቀርቡት ይጓጓሉ። ፓርኩ ያዘዘው ርቀት 75 ጫማ ነው፤ በዚያ ወቅት ወንዱ በሰው ላይ ይመጣልና ይህን ለልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው።

ስለ ከሰሉ የምጽፈውን እባክዎ ለሁለቱም ቤተሰብ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። የከሰል ምድጃ በምንም ምክንያት ወደ ተሳቢው ውስጥ አይግባ፤ ቡና ለማፍላትም፣ ለማሞቂያም፣ ዕጣን ለማጨስም ቢሆን። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ስለሌለው ሰላማዊ ይመስላል፤ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተሳቢ ቤት ደግሞ ከሳሎናችሁ በብዙ እጥፍ የጠበበች፣ ለብርድ ተብላ የተዘጋጋች ሣጥን ናት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሰው ጉንፋን ወይም ከፍታው ነው ብሎ ይተኛል፣ ከዚያ አይነሣም። በሩን ገርበብ ማድረግ አያድንም። ውስጥ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም የአገልግሎት ዘመን ስላለው ጀርባው ላይ ያለውን ቀን አንብቡ፤ ያገለገለ ቤት ስለሆነ ምናልባት ዘመኑ አልፏል። ውጭ ላይ እንኳ ቢሆን በኮሎራዶ በድርቅ ጊዜ ከሰልና እንጨት ማንደድ ይከለከላል። በ2020 የካሜሮን ፒክ እሳት በኮሎራዶ ታሪክ ትልቁ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የኢስት ትራብልሰም እሳት የተራራውን አናት ተሻግሮ እዚሁ ፓርክ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ክልከላውን እንደ ማስፈራሪያ አትዩት። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው መክፈቻና መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። ቡናውን ደጅ ላይ በጋዝ ቁሉት፣ ረከቦቱን ሣሩ ላይ ዘርጉት፤ ሲጨርሱም ዶሮውን፣ ቂቤውንና በርበሬውን ደጅ አታሳድሩ፤ ጥቁር ድብ በአካባቢው አለ፣ አፍንጫውም ሩቅ ያሸታል።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ነው የምጽፈው። በተሳቢያችን ውስጥ ባለቤቴ የእንጀራ ምጣዱን ስትሰካ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል። መብራት በሌለበት ማደሪያ ደግሞ ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ሳይጋመስ ይቆማል። ተሳቢው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተበላሸም። ባለ 30 አምፔር መሰኪያ በ120 ቮልት የሚሰጠው በጠቅላላው 3,600 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ከጣሪያው ያለው ማቀዝቀዣም ሲሠራ ከዚያ የማይርቅ ይወስዳል፤ ውኃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከተተወ ደግሞ ድምሩ አለፈ። ምጣዱ በሚሠራበት ሰዓት ሁለቱን አጥፍታችሁ ውኃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት። ምጣዱን በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ መሰካት ግን ገመዱን ስለሚያግል አይሞከር። እኔ ቤት እንጀራው ከመነሣታችን በፊት ባለው ምሽት ይጋገራል፤ ተራራው ላይ ለመቀመጥ ሰዓት የሚተርፈን እንዲህ ስናደርግ ነው።

ማሞቂያውን በተመለከተ፣ እሳቱ በጋዝ ቢነድም ሙቀቱን ወደ ቤት የሚነፋው ማራገቢያ የሚዞረው በባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ማራገቢያው ይቆማል፣ ማሞቂያውም ለደኅንነት ሲባል ራሱን ያጠፋል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ሳያጥር ሊሰጥ የሚችለው ከተጻፈበት አቅም ግማሽ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ እንደ ማውንት ሬኒየር ፓርክ ባሉ መሰኪያ በሌላቸው ማደሪያዎች ሁለተኛ ባትሪ ጨምሩ፣ ማሞቂያውንም ዝቅ አድርጋችሁ በጋቢ ተኙ። ጄኔሬተር ካላችሁ የሚፈቀድበትን ሰዓት ከማደሪያው ማስታወቂያ ላይ አንብቡ፤ ስትተኙም መጥፋቱን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ከማኅበራችን አባላት ጋር ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ ወደሚባለው ማደሪያ ተሳቢ ይዘን እንሄዳለን። አንድ ወዳጃችን «ፓርኩን በሚያቋርጠው በስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ዋሻ አለ፣ ተሳቢያችሁን ይቆርጠዋል» ብሎ አስፈራራን። እውነት ነው?

መልስ፦ ዋሻው እውነት ነው። ሜሪስ ሮክ ይባላል፤ ከቶርንተን ጋፕ መግቢያ ወደ ደቡብ ብዙም ሳይሄዱ በመንገዱ የማይል ምልክት 32ኛው ማይል ላይ ይገኛል፤ የሚያሳልፈው ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ብዙ ተሳቢ ቤቶች 11 ጫማ ገደማ ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ፊፍዝ ዊል የሚባሉት በፒክአፑ የጭነት ቦታ ላይ የሚቆለፉት ግን 13 ጫማ የሚያልፉ አሉ። የራሳችሁን ከመሬት እስከ ጣሪያው ማቀዝቀዣ አናት ለኩና ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት።

ቢግ ሜዶውስ 51ኛው ማይል ላይ ስለሆነ ዋሻውን ጨርሶ ሳታገኙት መድረስ ትችላላችሁ። በ33 ቁጥር መንገድ መጥታችሁ 65ኛው ማይል ላይ ባለው በስዊፍት ረን ጋፕ መግቢያ ግቡና ወደ ሰሜን ታጠፉ። ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሣ መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም በስካይላይን ድራይቭ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ስለሆነ የሚባክነው ጊዜ ያን ያህል አይደለም። ማደሪያው መሰኪያ ስለሌለው ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ፣ የፍሳሹን ጋን ባዶ አድርጋችሁ ድረሱ፤ ስትመለሱም ፍሳሹን እዚያው በተዘጋጀው ቦታ መድፋት ትችላላችሁ። ቦታችሁ ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ ግራና ቀኙን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ ደግፉ፣ ከፒክአፑ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ፊትና ኋላው በመጨረሻ በፊተኛው ክሪክ ይስተካከላል። በማኅበር ስትሄዱ ሁሉም ሰው ልርዳ ብሎ ስለሚከብ፣ ለሹፌሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም በሹፌሩ በኩል ባለው መስተዋት ውስጥ የሚታይ ቦታ ላይ ይቁም፤ ልጆች ተሳቢው ቆሞ ታኮው እስኪገባ ድረስ ከመኪና አይውረዱ።